ለሆኔኦ የመጣው እራት

ልጄ የጌታን እራት ሳይበላ ቢሞት የሚጠየቀው እሱ ነው ወይስ እኔ? ከነጋ ጀምሮ ይህንኑ አላምጣለሁ። ቄስ ፉንግሞን ያስጠራሁ እኔ ነኝ፤ መጥተው በረንዳው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። የጽዋውን ሳጥን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ አልከፈቱትም።

ልጄ ሆኔኦ ቤት ውስጥ ተኝቷል። ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሮቹ ቀጥነው የልጅ እግር መስለዋል። የጤና ጣቢያው ሰዎች ማክሰኞ ዕለት ወደ ቤት ውሰዱት አሉን። ኬዝያ ጀርባውን በሞቀ ውሃ ታብሰዋለች።

ኬዝያ የታናሹ ልጄ የማይናኦ ሚስት ነበረች። ማይናኦን ባሕር የበላው ጊዜ ወንድሞቿ እሷንና ሁለቱን ሕፃናት ሊወስዱ ከተራራው ወረዱ። የሆኔኦ እግር ላይ ወድቄ የለመንኩት ያን ጊዜ ነው። የወንድምህን ሚስት ውሰዳት፣ የልጅ ልጆቼ ከዓይኔ አይራቁ አልኩት። እሱ ደግሞ ኤሌናን በቤተ ክርስቲያን አግብቶ ይኖር ነበር። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ወደ ጌታ ማዕድ እንዳይቀርብ ጉባኤያችን የወሰነው ጥንት ነው፤ እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት ሽማግሌዎች አንዱ የገዛ ባሌ ነበር። የጉባኤውን ቃል በየዓመቱ መጀመሪያ እሁድ ሁላችንም ቆመን እናነበዋለን። እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ኬዝያን ከወሰዳት ይኸው አስራ አንድ ዓመት ሆነው። ሆኔኦ ከማንም በላይ ጮክ ብሎ ይዘምራል፤ ጽዋው ሲወጣ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀራል።

ቄሱ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው ነገሩኝ። ደንቡ የእሳቸው እንዳልሆነ፣ አንድ ሰው ስለታመመ እሳቸው ብቻቸውን ሊያነሱት እንደማይችሉ፣ ኬዝያ ዛሬ ከዚህ ቤት ከወጣች ግን በደስታ እንደሚያቆርቡት። እኔም አንድ መላ አቀረብኩ። እሱ እስኪበላ ድረስ ኬዝያ ማድ ቤት ትቆይ፣ ከዚያ ትመለስና ታገላብጠው አልኩ።

«እማማ፣» አሉኝ፣ «ጌታን ደጅ አስቁመን ልናታልለው ነው?»

አፈርኩ።

ኤሌና የበረንዳው መሰላል ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። ቀና ሳትል፣ «ወገቤን መቼም ታውቁታላችሁ» አለች። «ይህን የሚያህል ሬሳ እኔ ላገላብጠው ነው? ኬዝያ ከሄደች እኔም አብሬያት እሄዳለሁ፤ ቄሱ ያጥቡት።»

የሳቀ የለም፤ ከውስጥ ሆኔኦ ብቻ ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነ። ሳሉ እስኪበርድለት ጠበቅነው።

«ቄስ፣» አለ በግድግዳው በኩል፣ «አስራ አንድ ዓመት ስትበሉ አይቻለሁ። ርቦኛል። ግን ውጪ አልላትም።»

ቄሱ የሳጥኑን ማንገቻ ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

ያን ጊዜ ነው ያበድኩት። ማንገቻውን ይዤ ጥቂት ይቆዩልኝ አልኳቸውና ወደ ውስጥ ገባሁ። ኬዝያ ጨርቁን እየጨመቀች ነበር፤ አጠገቧ ተንበረከክሁ። በጆሮዋ ልናገር ብዬ ነበር፤ ድምፄ ግን አልታዘዝ አለኝ፣ ሁሉም ሰማ።

«ልጄ፣ እሱ ውጪ አይልሽም። አንቺ ካላዘንሽለት ማን ያዝንለታል? ስለ ልጆቹ አታስቢ፣ ለእነሱ እኔ አለሁላቸው።»

እስከዚያ ወደ እኔ ሳታይ ነበር የምትሠራው። ልጆቹን ሳነሳ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ግን ቁጣ አልነበረም።

ውሃውን በመስኮት ደፋች። ሆኔኦን በሚተኛበት በግራ ጎኑ አዞረችው፣ በጉልበቶቹ መሃል የታጠፈ ጨርቅ አደረገችለት። እጇን ያዛት። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችና እጁን ደረቱ ላይ አኖረችለት። ከዚያ የገመድ ከረጢቷን ከምሰሶው አወረደች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ቄሱ ተነሱላት፤ ኤሌና ቢላዋዋን እንደያዘች ከመሰላሉ ወርዳ አሳለፈቻት። ጥዬዋለሁ በይ ብሎ የጠየቃት የለም።

ቄሱ ገብተው ሳጥኑን ከፈቱ። ሆኔኦ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ አፉን ይክፈት አይክፈት አላየሁም፤ እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ከኋላዬ ቄሱ ቀስ ብለው «ስለ አንተ የተሰጠ» ሲሉ ይሰማኛል። ከታች ኬዝያ የልብስ ገመዱ ስር ቆማለች። የልጁን የትምህርት ቤት ሸሚዝ አወረደች። የልጅቷን ጉርድ፣ የልጅቷን ሹራብ፣ ያልደረቀውንም ሳይቀር ወደ ከረጢቱ አስገባች። የእሷ ቀሚስ ገመዱ ላይ ቀረ።

የከረጢቱን ማንገቻ ግንባሯ ላይ አድርጋ የግቢውን በር አለፈች። የወንድሞቿ ተራራ በስተግራ ነው። እሷ ወደ ቀኝ፣ ልጆቹ ወዳሉበት ትምህርት ቤት ታጠፈች።