አሥራ ዘጠኝ ሰላምታ

«አሥር ደቂቃ አልኩሽ እኮ! ሠላሳ አንድ ደቂቃ ምን ላድርገው ብለሽ ነው የላክሽልኝ?» ዳኘ ከአዲስ አበባ በስልክ ይጮሃል።

ቤቴል ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ዳኘ የውጭ አገር ፊልም ሠሪዎችን ሥራ እየተቀበለ ለክፍለ አገር ኤዲተሮች ያከፋፍላል። እሱ እንደሚለው ሥራው መጀመሪያ ለንደን ነበር፤ ተወደደና ኬፕታውን ሄደ፤ እዚያም ተወደደና ይኸው ሆሳዕና ከተማ ቤቴል ዘንድ ደረሰ። ዛሬ የቤቴል ፈተና ነው፤ የአንድ የውጭ ፊልም የእራት ግብዣ ወደ አሥር ደቂቃ ማሳጠር አለባት። ካለፈች ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ከወደቀች ሥራው ማኒላ ለተቀመጠ ሌላ ሰው ይሰጣል።

«ታዲያ ምኑን ልቁረጠው?» አለች፣ ንድድ ብሏት። «ፊልሙ ላይ ያሉት ሽማግሌ እራት ላይ ደርሰው አሥራ ዘጠኙንም ሰው እየዞሩ ሰላም ይላሉ። ማንን ሰላም ብለው ማንን ይለፉ?»

«ምንሽ ናቸው? አጎትሽ ናቸው? ከነሰላምታቸው ቁረጪያቸው! አንድ ሰዓት አለሽ።» ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

እስቲ ፍረዱ! ስድስት ዓመት ሙሉ የሰርግ ቪዲዮ ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት። አምና አንድ ከቦኖሻ የመጡ ሰውዬ ሙሽራውን ሲስሙ የሚታዩበትን ቦታ ብትዘለው፣ ሁለት ቤተሰብ ተኳርፎ በስንት ሽማግሌ ነው የታረቀው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ያለ ሰው አትነካም።

ይሄ አንሶ ከጀርባዋ አግዳሚው ላይ ደንበኛዋ እትዬ ትርፊት ተቀምጠዋል። የልጃቸውን የሰርግ ቪዲዮ አጠገቧ ሆነው ካላሠሩ በትክክል የሚሠራ አይመስላቸውም።

«ከአዲሎ የመጣችው እህቴ የታለች? እሷን ሳላይ ፈቀቅ አልልም።»

«አሉ፣ እትዬ! ኧረ በሞቴ ትንሽ ይታገሱኝ!»

እልህ ይዟት መቁረጥ ጀመረች። መጨባበጡን አወጣች። ከዚያ የሽማግሌውን አገባብ፣ ከዚያ አቀማመጣቸውን፣ በመጨረሻ ሳቃቸውን። አሁን ሰዎቹ ቁጭ እንዳሉ እራቱ ይቀርባል። አሥር ደቂቃ ልክ ሆነ። ላከችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። «አለፍሽ! ፊልም ሠሪዎቹ በጣም ወደውታል! ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ነሽ፤ እንዲህ ነው እንጂ!»

ቤቴል እልል ማለት ነው የቀራት። ፈገግ ብላ ዞር ስትል እትዬ ትርፊት ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

«ልጄ፣ እኚያ ሽማግሌ የት ገቡ?»

«ቆረጥኳቸው፣ እትዬ። ሥራው ነው። የሰው አገር ሰው ናቸው፤ አያውቁን፣ አናውቃቸው።»

«ያ ሁሉ ሰው ብድግ ብሎ ተቀብሏቸው?»

ቤቴል ወደ ስክሪኑ ዞረች።

እትዬ ትርፊት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና መዳፋቸውን ዘረጉላት።

«በይ የሰርጉ ቪዲዮ ያለበትን ፍላሼን አምጪ። የልጄን ሰርግ ሌላ ሰው ይሥራው።»