እስከ ሰኞ
አያልነሽ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሃምቡርግ ልትሄድ ነበር። እዚያ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ዘጠኝ ዓመት ከኖረችበት የፍራንክፈርት ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ቤት የምትወስደው ሁለት ሻንጣ ብቻ ነው።

ከባሏ ከሳህሌ ጋር አልተጣሉም። አምና ፅንስ ከጨነገፈባቸው ወዲህ ግን «ራት ቀርቧል» እና «ቁልፉን አስቀምጬዋለሁ» ከመባባል ያለፈ ወሬ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። እሄዳለሁ ስትለው፣ እሺ አላት።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሞተሩ መብራትም በራ። ሳህሌ እዚያው ከተማ፣ ጋሉስ ሰፈር ባለ ጋራዥ መካኒክ ስለሆነ ሌላ ጋ መሄድ አላስፈለጋትም። ከወንድሟ ከኢዩኤል ጋር ይዛለት መጣች።

ሳህሌ የመመርመሪያውን ኮምፒውተር መኪናዋ ላይ ሰካ። ሞተሩ አየር በዝቶበት ቤንዚን አንሶታል። አንድ ቦታ ላይ አየር ሾልኮ ይገባል ማለት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የሚያሾልከውን ለማግኘት በየቱቦው ላይ ማጽጃ ረጨ። አያልነሽ ባትሪ ይዛ ታበራለት ነበር። እሑድ እሑድ ደጅ ላይ መኪናዋን አብረው ሲሠሩ እንደለመደችው፣ የቱ ጋ ላብራ ብላ አልጠየቀችም። አየር ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ማኒፎልድ ኋላ ያለችው ቀጭን ቱቦ ጋ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ።

ቱቦዋን ነቅሎ ገለበጣት። ከሥር፣ ከላይ በማይታየው በኩል፣ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አላት።

ኢዩኤል ተቀብሎት በጣቱ ዳሰሳት። «ይሄ አርጅቶ አይደለም፤ በምላጭ ነው» አለ።

ከዚያ ሳህሌን አየው። ከመካኒክ በቀር ይህቺን ቦታ ማን ያውቃል፣ የመኪናዋ ሁለተኛ ቁልፍስ ማን ኪስ ውስጥ ነው አለው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሳህሌ እጁን በጨርቅ ጠረገ። መናደድ እንዳለበት ያውቃል። ንዴቱ ግን አልመጣለትም።

አያልነሽ መሬት መሬቱን እያየች፣ «አዲሱ ዕቃ ለመምጣት እስከ ሰኞ ይቆያል?» ብላ ጠየቀችው።

ይቆያል ቢላት ውሸት አይሆንም ነበር። አዲሱ ታዝዞ የሚመጣው ሰኞ ነው። ሳህሌ የተቆረጠችውን ቱቦ ከኢዩኤል እጅ ወሰደ። ከዚያ ግቢው ጥግ ወደ ቆመች አንዲት የተጋጨች መኪና ሄዶ ደህና ቱቦ ፈታ። ገጠማት፤ ማሰሪያዋን አጠበቀ፤ ሞተሩን አስነሳ። መንቀጥቀጡ ቆመ።

«አልቋል» አላት። «እስከ ሃምቡርግ አታስቸግርሽም።»

ሲወጡ ኢዩኤል ለእህቱ፣ ሕሊናው ወቅሶት ነው ያስተካከላት ሲላት ሳህሌ ሰማ።

ቅዳሜ ሻንጣዎቹን አውርዶ ጫነላት። ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁን ተባባሉ። መኪናዋ ከዓይኑ እስክትሰወር አልቆመም፤ ገብቶ ሳህን አጠበ።

ረፋዱ ላይ አያልነሽ ከመንገድ፣ ከካሰል ከተማ አካባቢ ደወለች። መኪናዋ እንዴት ናት አላት። ደህና ናት አለችው። ስልኩን ግን አልዘጋችም።

«ሳህሌ፣ ቱቦዋን የቆረጥኳት እኔ ነኝ።»