በአንድ ጉርሻ እንጦጦ

መኪና በነዳጅ ፈንታ ጉልበቱን ከነጂው ገላ መውሰድ ከጀመረ ወዲህ የመኪና ፋብሪካው ጭቅጭቅ አንድ ነበር፤ ፍጥነት ሲጨመር ነጂው በረሃብ ይዝላል፣ ሲቆጠብ ደግሞ መኪናው ዳገት ላይ ያቃስታል። ዛሬ ግን ኢንጂነር ውብዓለም በሩን በርግዳ ቤቷ ገባች።

"እሸቴ! አለቆቹ አጸደቋት! ለሀብታሞች የሠራናት መኪና ልትሸጥ ነው! ወንበሯ ቆዳ፣ ድምጿ አይሰማ፣ ኋላ የሚቀመጠው ጌታ እንደሁ ግራም አይቀንስ! ማስታወቂያውን ራሴ ነኝ ያወጣሁት፤ 'በአንድ ጉርሻ እንጦጦ!'"

ባሏ እሸቴ ያችን መኪና ሰሞኑን ሽቅብ ቁልቁል ሲነዳ የከረመው የፋብሪካው ሞካሪ ሾፌር ነው። እራት አቅርቦ ይጠብቃት ነበር።

"እሰይ የኔ ጎበዝ! ለዚህማ ጉርሻ ይገባሻል" አለና ጠቅልሎ አጎረሳት።

ውብዓለም አፏ ሞልቶም ወሬዋን አላቆመችም። ድንገት ጥርሷ ስር አንድ ነገር ቀጭ አለ።

"ምስሩ አልተለቀመም እንዴ?" ብላ መዳፏ ላይ ተፋችው።

የእሸቴ የጋብቻ ቀለበት ነበር።

"ሰሞኑን ሰፍቶኝ ነው ባክሽ" አለ እሸቴ እየሳቀ፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ።

ውብዓለም እጁን ያዘችና ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ መለሰችው።