አልቆም ያለ ክላክስ

ክላክሱ አልቆም አለ። መንገዱን ዘግተው የተቀመጡት ሰልፈኞች የገዛ መፈክራቸውን መስማት አቅቷቸው ከፊታቸው ቆሞ ወደሚጮኸው ሚኒባስ ዞሩ። «ምን ዓይነት ዐይን አውጣ ነው!» አለ አንዱ። እንቅልፍ የጣለው ሹፌር ልጇን የገደለባት ሴትዮ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች። «የደከመ ሹፌር አይንዳ» የሚለውን ካርቶን መሸከም ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ሰሚ ጠፍቶ ክንዷ ዝሏል። ዛሬ ግን በዚያው ካርቶን የሚኒባሱን ሹፌር አናቱን ልትለው ቆርጣ ሄደች።

ተሳፋሪዎቹ መንገዱ ሲዘጋ ወርደው በእግራቸው ነክተውታል። በተከፈተው መስኮት ብታይ፣ ሹፌሩ ግንባሩን ክላክሱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል።

ካርቶኑን ብብቷ ሥር ሸጉጣ እጇን አስገባችና ግንባሩን በመዳፏ ቀና አደረገችው። መንገዱ ጸጥ አለ። «እማዬ፣» አለ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱን ጨርሼ እተኛለሁ።»

«ምን ይላል?» ብለው ከኋላዋ ጮኹ። እሷ ተንጠራርታ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉንም ነቅላ ጉያዋ ከተተችው።

«ዙሩ አልቋል ልጄ፣» አለችው። «ተኛ።»