የተስማሙበት ንድፍ

የአቶ ይርዳው ሁለት ወንዶች ልጆች ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። አባትየው ሽማግሌ ቢልኩ፣ ቢያለቅሱ፣ ቢለምኑ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ አርክቴክቷን ምንትዋብን ተማጸኗት።

«ልጄ፣ ያለኝ ጥሪት ሁሉ ይውጣ። ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው አብረውኝ የሚኖሩበት ትልቅ ቪላ ንደፊልኝ። በሩ ግን አንድ ይሁን፤ ሲገቡ ሲወጡ ይተያዩ።»

ምንትዋብ የዕብነ በረድ ደረጃውን፣ ሰፊውን የምግብ አዳራሽ፣ የልጅ ልጆቹን መኝታ ቤቶች ነደፈች። ወንድማማቾቹ ግን እየተፈራረቁ «ከእሱ ጋር በአንድ በር አልገባም!» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጧት። ተስፋ ቆርጣ ሥራውን ልትተው ስትል ሁለቱ ሳያስቡት ቢሮዋ ውስጥ ተገጣጠሙ። መጀመሪያ ተፋጠጡ፤ ኋላ ንድፉ ላይ አጎንብሰው መነጋገር ጀመሩ። ሲወጡ ተቃቅፈው ነበር።

አቶ ይርዳው ይህን እንደሰሙ እያለከለኩ መጡ። አዲሱ ንድፍ ላይ ሁለት በር አዩ።

«ግድ የለም! እንኳን ተነጋገሩልኝ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «የኔ ክፍልስ የቱ ነው?»

ምንትዋብ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

«ሁለተኛው በር የወጣው የእርስዎ ክፍል በነበረበት ቦታ ላይ ነው፣ ጋሼ። የአረጋውያን መጦሪያ ሊያስገቡዎት ተስማምተዋል።»