ለሽምግልና የተወሰደው ሥዕል

ኦቦ ቦጂያ ጋዜጣውን ከሥዕሉ ላይ ገፍፈው ሲጨርሱ ጃዕፈር ዓይኑን ጨፈነ። ሱብሃነላህ! "ፈረሱን ነው አይደል የያዙት?" ብሎ ሦስቴ ጠይቋቸው ነበር። ቡራዩ ከቤት ሲወጡ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ኋላም ዓለም ገና ላይ ሸራው ከባጃጁ በሁለት በኩል ወጥቶ መንገደኛ ሲገጭ። ሦስቴም "አዎ፣ አዎ" ብለውታል።

አሁን የልጅቷ አባት ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ተደግፎ የቆመው ፈረስ አይደለም። ዶን ራሚሮ ነው። ሕይወቱን በተከታታይ ፊልም ያላየ የሰፈር ልጅ የሌለ፣ ያ የታወቀ የዕፅ ነጋዴ። ስድስት ጊዜ ተሥሏል። አንዱ ፊት ሮዝ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ እንደ ሚሪንዳ ብርቱካናማ፤ ስድስቱም በወርቅ ጥርስ ይስቃሉ።

"ደማቁን መረጥኩ" አሉ አብረውት ለሽምግልና የመጡት ኦቦ ቦጂያ በሹክሹክታ። "ፈረሱ አመድ መሰለኝ።"

ጃዕፈር ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን እንዲሰጠው ጌታውን ለመነ። ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። የእህቱ ልጅ አክመል ሚንሃን ሊያገባ ፈልጎ ሽማግሌ ከላከ ጀምሮ አባቷ ጋሽ አብዶ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፤ ልጁ ሥራው ምንድን ነው? "ሰዓሊ ነው" ሲባሉ፣ "እሱን ሰማሁ፣ ሥራውን ነው የጠየቅኩት" ብለው ሁለቴ መልሰዋቸዋል። እንግዲያው ሥራውን በዓይናቸው ይዩት ተባለና ይኸው አዩት።

"ማነው ይኼ?" አሉ ጋሽ አብዶ።

ጃዕፈር ትምህርት ቤት የሄደው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ሬዲዮ ሲጠግን በጆሮው ነው የተማረው። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ አክመል አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሥዕል ሲያዳምጥ ከርሟል።

"ጋሽ አብዶ፣ ይኼ ፖፕ አርት የሚሉት የአሣሣል መንገድ ነው። ድሮ ፈረንጆቹ ንጉሥና መልአክ ነበር የሚሥሉት። ኋላ ላይ ግን ሰው በየቀኑ የሚያየውን፣ የለስላሳውን ጠርሙስ፣ የምግቡን ቆርቆሮ፣ የአክተሩን ፊት ደጋግመው..."

"ቆርቆሮ?"

"አዎ፣ የታሸገ ምግብ። ደርድረው።"

"እኔም ሱቄ ውስጥ አርባ ቆርቆሮ የቲማቲም ድልህ ደርድሬያለሁ። ሰዓሊ ነኛ!"

ኦቦ ቦጂያ ሳቁ። ጃዕፈር አልሳቀም።

"ልጁ ሰውየውን ሊያወድስ አይደለም የሣለው። ለምን እንደምናደንቀው ሊጠይቀን ነው።"

"የት ጠየቀኝ? ሳቀብኝ እንጂ።"

"ሌላም ሌላም ሠርቷል እኮ!" አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ ያግዙ መስሏቸው። "አፍንጫው ጆሮው ጋ የሆነ ሰውዬ አለው። ዝም ብሎ ቀለም የረጨበትም አለ፤ እሱንስ ተደፍቶበት መስሎኝ በጨርቅ ልጠርገው ስል ነው የጮኸብኝ።"

"ኦቦ ቦጂያ" አለ ጃዕፈር በቀስታ፤ "እባክዎ።"

"ዲኖን ታውቁታላችሁ?" አሉ ጋሽ አብዶ።

ጃዕፈር አንገቱን ደፋ። የሚንሃን ታላቅ ወንድም ያውቀዋል። ፈረሱን ያለውም ለዚህ ነበር። ምክንያቱን ግን ለኦቦ ቦጂያ አልነገራቸውም፤ የሰው ቤት ገመና ነውና። ሰፈሩ "ዲኖ ውጭ ነው" ይላል፤ ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ የለም።

"ሻንጣ አድርስ፣ ቲኬቱን እኛ እንችላለን አሉት። የሰው አገር ኤርፖርት ላይ ያዙት። አሥራ ስምንት ዓመት ፈረዱበት።" ጋሽ አብዶ ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ሻንጣውን የሰጠው ሰውዬ ሰበታ ላይ ፎቅ እየሠራ ነው። እሱንም ይሣሉታ፣ ሮዝ አድርገው።"

"ማል ጎኔ..." አሉ ኦቦ ቦጂያ። ምን አደረግን? ጋዜጣውን ከመሬት ለቃቅመው ሥዕሉን መሸፈን ጀመሩ።

"ተዉት፣ አይሸፍኑት።"

የዲኖ እናት ሰዓዲያ ናቸው። ከጓዳ ወጥተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ስድስቱንም ፊት በየተራ አዩ።

"ስንት ጊዜ ፈጀበት?"

"አንድ ወር ገደማ" አለ ጃዕፈር።

"አንድ ወር ሙሉ የዚህን ሰው ፊት ሲያይ ከረመ።" ቁጣ የለባቸውም። "ዳኛው ዲኖዬን ቀና ብሎ አላየውም አሉ። ጠበቃው ነው የነገረን። ወረቀት ሲያገላብጥ ቆይቶ ፈረደ።"

ጋሽ አብዶ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ጃዕፈር ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብሎ በር ላይ ያወለቀውን ጫማ በዓይኑ ፈለገ። እሳቸው ግን አንድ የተጨማደደ ፖስታ ይዘው ተመለሱ። ከውስጡ ጉርድ ፎቶ አወጡ።

"ለፓስፖርት ከተነሣው የተረፈ ነው። ሌላ የለንም" አሉ። "ሣሉልኝ አላልኩም። እኔ ቤቴ ሥዕል አልሰቅልም። አንድ ወር ግን ይየው፤ ያንን ሰውዬ እንዳየው አድርጎ ይየው። ከዚያ ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ይዞት ይምጣ፣ ስለ ሚንሃ ከእሱ ጋር እናወራለን።"

ኦቦ ቦጂያ አፋቸውን ከፈቱ። ጃዕፈር ዞሮ አያቸው፤ መልሰው ገጠሙት።

ፎቶው ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ዲኖ ፎቶ ቤቱ ያዋሰውን ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ሰፍቶት አንገቱ መሐል ላይ ቀጥኖ ቀርቷል። አትሳቅ ብለውት ሳቁን ይዟል። ጃዕፈር ጣቱ ፊቱን እንዳይነካ በጠርዙ ብቻ ያዘው፤ የትኛው ኪሱ ውስጥ እንደሚያስገባው ግራ ገብቶት ቆመ።