ሦስቱን ያስጠለለ አጎበር

ሕዝቅያስ ሰበታ ባለው የኪራይ ቤታቸው እናቱን ለመጠየቅ ወደ አርባ ምንጭ ለሚያደርጉት ጉዞ የገዛውን አዲስ አጎበር ሰቅሎ ደረቱን ነፋ። «የአርባ ምንጭ ወባ እኔን ስታይ አገር ጥላ ትጠፋለች!» ሚስቱ ጣቢታ ጨቅላ ሴት ልጃቸውን እንደታቀፈች፣ «አንተን ትፍራ! ልጄን ግን ለትንኝ አልገብርም። እረፍቱን እዚሁ እናሳልፋለን፤ እናትህ ፎቶዋን ይዩ» አለችው።

ተናግራ ሳትጨርስ፣ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ወጣቶች ሰልፍ ከወጡበት አስፋልት ተራራ የሚንድ ተኩስ ተሰማ። ያ ዝሆን የሚያክል ጀግና ቀድሞ አጎበሩ ውስጥ ገባ። እሷም ልጇን ይዛ ተከተለችው። በስሱ መረብ ውስጥ ተያዩ። «እየሞከርኩት ነው እኮ» አለ።

ተኩሱ ጋብ ሲል ጣቢታ አጎበሩን ከምስማሩ አውርዳ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። «መንገዱ እኮ ተዘግቷል!» አላት። «እዚህስ መች አመለጥን? የአርባ ምንጭ መኪና እስከምናገኝበት እስከ አለም ገና በእግራችን እንሄዳለን። ተነስ ጀግናው፤ አያቷ ይሳሟት!»